ብርሃንና ኤሌክትሮን በአንድ ሣጥን፦ የፍኖተ ሰላም የሥራ ማስታወሻ

ነሐሴ መጨረሻ፦ ዕቅድ

ሥራው አንድ የእንጨት ሣጥን ነው። ፎቶን (የብርሃን ቅንጣት) እና ኤሌክትሮን በምን እንደሚለያዩ፣ ሲገናኙስ ምን እንደሚፈጠር ተማሪው በእጁ ነክቶ፣ በዓይኑ አይቶ የሚፈትሽበት። የፎቶኤሌክትሪክ ምዕራፍ ላይ (ብርሃን ከብረት ኤሌክትሮን የሚያስወጣበት) ስንደርስ ሁልጊዜ ሰሌዳ ላይ ሥዕል ሥለን፣ ቀመሩን ጽፈን እናልፋለን። ተማሪው ቀመሩን ይሸመድደዋል፤ ፈተናውንም ይሠራዋል። «ብርሃኑን ብናበዛውስ?» ተብሎ ሲጠየቅ ግን ግማሹ ክፍል «ኤሌክትሮኑ በበለጠ ጉልበት ይወጣል» ይላል። ሣጥኑ የሚሠራው ለዚህች የተሳሳተች መልስ ነው።

በጀት 3,000 ብር፣ ከኪሴ። መሣሪያ በአብዛኛው ውሰት።

ክዳኑ ውስጠኛ ገጽ ላይ የሚጻፈው ተወሰነ። ኤሌክትሮን ክብደት አለው፣ 9.11 × 10⁻³¹ ኪሎ ግራም። ኔጌቲቭ ቻርጅም አለው። ስለዚህ ሊገፉት፣ ሊጎትቱት፣ ሊያቆሙት ይቻላል። ፎቶን የዕረፍት ክብደትም ቻርጅም የለውም። ባዶ ቦታ ላይ ሁልጊዜ በሰከንድ 299,792,458 ሜትር ይጓዛል፤ ጉልበቱ ሲጨምር የሚቀየረው ፍጥነቱ ሳይሆን ቀለሙ ነው። ኤሌክትሮኑ ፎቶኑን ሲውጠው ደግሞ ፎቶኑ ይጠፋል፤ ኤሌክትሮኑ ግን ይቀራል። ይህችኛዋ በቀይ ቀለም ትጻፍ፤ ሌላው ሁሉ በእሷ ዙሪያ ነው።

ነሐሴ፦ ኤሌክትሮስኮፕ በክረምት

መጀመሪያ የተሠራው ኤሌክትሮስኮፑ፣ ቻርጅ መኖሩን የሚያሳየው መሣሪያ፣ ነው። የማርማላታ ብልቃጥ፣ በክዳኑ መሐል ያለፈ ወፍራም የመዳብ ሽቦ፣ ከሽቦው ጫፍ የተንጠለጠሉ ሁለት ቀጫጭን የአልሙኒየም ፎይል ቅጠሎች። የኤሌክትሪክ ሽቦ የሚያልፍበትን የፒቪሲ ቱቦ በሱፍ ሹራብ ፈትጎ ሽቦውን ሲነኩት ቅጠሎቹ መከፈት አለባቸው።

ተከፈቱ። ወዲያው ደግሞ ተከደኑ። ውጭ የሚወርደው የጎጃም የነሐሴ ዝናብ ነው፤ ግድግዳው ራሱ ያልበዋል። ብልቃጡና ክዳኑ ላይ የማይታይ የውኃ ሽፋን አለ። ቻርጁ በዚያ ላይ ይሾልካል።

ክዳኑን ሰፋ አድርጌ በሳሁትና ሽቦውን በቀለጠ ሰም መሐል አቆምኩት። ሰም ውኃ አይዝም፤ ኤሌክትሪክም አያሳልፍም። ጎረቤቴ ጠጅ ስለሚጥሉ ሰፈፉን በነፃ ሰጡኝ። «ደግሞ ሻማ ልትሠራ ነው?» አሉኝ። «አይ እትዬ፣ ለትምህርት ቤት ነው» አልኳቸው። ብዙም ያመኑኝ አይመስለኝም።

በሰሙ ቅጠሎቹ ረዘም ላለ ጊዜ ተከፍተው ቆዩ። ግን አሁንም ቀስ ብለው ይወርዳሉ። ብርሃኑ ያወረደውን እርጥበቱ ካወረደው መለየት ካልተቻለ ሙከራ አይባልም። ኤሌክትሮስኮፑ እስከ በጋ መደርደሪያ ላይ ይቆይ።

መስከረም፦ ከኤሌክትሮን ወደ ብርሃን

ኤልኢዲ (በባትሪ የሚበራው ትንሹ መብራት) ውስጥ ነገሩ በተቃራኒው ነው የሚሄደው። ኤሌክትሮኑ ከላይኛው የጉልበት ደረጃ ወደ ታችኛው ይወርዳል፤ ልዩነቱን በአንድ ፎቶን መልክ ይጥለዋል። ደረጃው ሰፋ ካለ ብርሃኑ ወደ ሰማያዊ ይሄዳል፣ ጠበብ ካለ ወደ ቀይ። ስለዚህ ኤልኢዲው ማብራት የሚጀምርበትን ቮልቴጅ ብንለካ የፎቶኑን ጉልበት በግምት እናገኛለን ማለት ነው።

ዕቃው፦ ባለ 9 ቮልት ባትሪ፣ አንድ ኪሎ ኦም ቮልዩም (ሲዞር የሚለዋወጥ ሪዚስተር)፣ 330 ኦም ሪዚስተር፣ ብሬድቦርድ (ያለ ብየዳ ሽቦ መሰኪያ)፣ ሁለት መልቲሜትር (ቮልቴጅና ከረንት መለኪያ)። አንዱ መልቲሜትር የቤተ ሙከራው ነው፤ ሁለተኛውን ከሬዲዮ ጠጋኙ ተዋስኩ። ኤልኢዲዎቹ ጥርት ባለ ፕላስቲክ የተሸፈኑት ናቸው፤ ቀለም የተቀባው ፕላስቲክ ኋላ ላይ ያስቸግራል።

መጀመሪያ የተሞከረው ክፍሉን አጨልሞ «በራ!» ሲሉ ቮልቴጁን ማንበብ ነው። አልሠራም። አንዱ በራ ሲል ሌላው ገና ይላል። ዓይናችን አረንጓዴ ላይ ንቁ ነው፣ ቀይና ሰማያዊ ላይ ደከም ይላል። የሪሞት ኮንትሮሉን ኢንፍራሬድ ደግሞ ጭራሽ አያየውም። (የስልክ ካሜራ ግን ያየዋል። የሞገድ ርዝመቱ 940 ናኖሜትር የሆነ ፎቶን 1.32 ኤሌክትሮን ቮልት (ትንሽ የጉልበት መለኪያ) ይዟል፤ የካሜራው ሲሊከን ደግሞ 1.12 ይበቃዋል። አንዳንድ ስልክ ላይ የኋላው ካሜራ ስለሚያጣራው በፊተኛው ሞክሩ።)

ስለዚህ ዓይንን ትተን ከረንት ያዝን። ሁሉንም ኤልኢዲ 50 ማይክሮ አምፔር እስኪያልፍበት ቮልዩሙን እያዞርን፣ እዚያ ላይ ቮልቴጁን መጻፍ። የተገኘው፦

ኢንፍራሬድ፣ 940 ናኖሜትር፦ 1.02 ቮልት
ቀይ፣ 630፦ 1.65
ቢጫ፣ 590፦ 1.72
አረንጓዴ፣ 525፦ 2.20
ሰማያዊ፣ 470፦ 2.42

ሞገድ ርዝመቱን ወደ ፍሪኩዌንሲ ቀይረን ግራፍ ወረቀት ላይ ስናስቀምጠው መሥመር የሚመስል ነገር ወጣ። ከመሥመሩ ዘንበልታ የፕላንክ ቋሚ (የፎቶኑን ጉልበት ከፍሪኩዌንሲው ጋር የሚያያይዘው ቁጥር) 7.2 × 10⁻³⁴ ጁል ሰከንድ ሆነ። ትክክለኛው 6.63 ነው። ወደ 9 ከመቶ ገደማ ይበልጣል። ሚሊካን እ.ኤ.አ. በ1916 ያሳተመው 6.57 ነበር፤ ያውም ብርሃን በፎቶን ይመጣል የሚለው የአንስታይን ሐሳብ ስላልተዋጠለት ስህተትነቱን ላሳይ ብሎ ለዓመታት ለፍቶ። ለ9 ቮልት ባትሪና ለቮልዩም የእኛም አያሳፍርም።

ቢጫው ከመሥመሩ በታች፣ አረንጓዴው በላይ ወጥተዋል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ቀይና ቢጫው ከአንድ ዓይነት ቁስ፣ አረንጓዴና ሰማያዊው ከሌላ ቁስ ነው የሚሠሩት። ቮልቴጁም የደረጃውን ስፋት ጠጋ ይላል እንጂ ልክ እሱን አይሰጥም።

ነጩን ኤልኢዲ ከግራፉ አስወጣነው። ነጭ የሚባለው ሰማያዊ ኤልኢዲ ላይ ቢጫ የሚያበራ ዱቄት የተቀባበት ነው። ቮልቴጁም የሰማያዊው ጎረቤት ሆኖ ተገኘ።

መስከረም፦ የሲዲው ነገር

የሞገድ ርዝመቶቹ የሻጩ ቃል ናቸው። «ይሄ 525 ነው» ብሎ ነው የሰጠኝ። ማረጋገጫ ያስፈልጋል።

የድሮ የመዝሙር ሲዲ ከቤት ተገኘ። ብርማውን ሽፋን በናስትሮ እየለጠፉ መላጥ ነው፤ የሚቀረው ጥርት ያለ ፕላስቲክ ላይ ጠመዝማዛው መሥመር አለ፣ በ1.6 ማይክሮሜትር ርቀት፤ ብርሃኑን እንደ ሞገድ ርዝመቱ ወደ ጎን ያጥፈዋል። ሲዲውን ከግድግዳው 50 ሴንቲ ሜትር ላይ አቁሞ ብርሃኑን በቀጭን ቀዳዳ ማሳለፍ። ቀዩ ከመሐሉ ወደ 21 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሄዶ አረፈ፤ አረንጓዴው 17 ተኩል፤ ሰማያዊው 15 ተኩል። በሒሳቡ ሲገባ የሻጩ ቁጥሮች ትክክል ናቸው። ሰውዬውን ይቅርታ።

እዚህ ጋ ብርሃኑ እንደ ሞገድ ነው የሠራው። «ኤሌክትሮንስ በሲዲ ያልፋል?» የሚል ጥያቄ መጣ። ኤሌክትሮንም ሞገድነት አለው። ደ ብሮይ እ.ኤ.አ. በ1924 ሐሳቡን አቀረበ፤ ዴቪሰንና ገርመር በ1927 ኤሌክትሮንን በኒኬል ክሪስታል ላይ አንጥረው አሳዩት። ግን በ10,000 ቮልት የተወረወረ ኤሌክትሮን የሞገድ ርዝመቱ 0.012 ናኖሜትር ነው። የሲዲው መሥመር ርቀት 1,600 ናኖሜትር። ከመቶ ሺህ ጊዜ በላይ ይበልጣል። ሲዲ አይበቃም፤ የአቶሞች ረድፍ ያስፈልጋል። ደግሞም ፕላስቲኩን ሊሻገር አይችልም፤ ቫኩምም ይፈልጋል። ይህ ከሣጥኑ ውጭ ነው።

መስከረም ወደ ጥቅምት፦ ኤልኢዲውን መገልበጥ

ሣጥኑ ውስጥ የምወደው ክፍል ይህ ነው፤ ዋጋውም ከሁሉም ያነሰ ነው።

ኤልኢዲ ከባትሪ ነቅሎ እግሮቹን መልቲሜትር ላይ መግጠም። ከዚያ ሌላ ብርሃን ማብራት። አሁን ፎቶን ገብቶ ኤሌክትሮን ያነሳል፤ ቮልቴጅ ይወጣል። ጣራ ላይ ያለው ሶላር የሚሠራው በዚሁ ነው። ልዩነቱ ኤልኢዲው መራጭ መሆኑ ነው። ራሱ ከሚያወጣው ብርሃን ያነሰ ጉልበት ያለውን ፎቶን አይቀበልም።

የመጀመሪያው ቀን ንባብ አሳዛኝ ነበር። ክፍል ውስጥ ባለው ብርሃን ጥቂት ሚሊቮልት፣ እሱም የሚወዛወዝ። ችግሩ መልቲሜትሩ ነው። የቤተ ሙከራው ቢጫ ርካሽ መልቲሜትር፣ ዲቲ 830፣ የመግቢያ ሪዚስታንሱ 1 ሜጋ ኦም ብቻ ነው። ኤልኢዲው በደካማ ብርሃን የሚሰጠው ከረንት ናኖ አምፔር ስለሆነ መለኪያው ራሱ ያወርደዋል። የሬዲዮ ጠጋኙ መልቲሜትር 10 ሜጋ ኦም ነው፤ በእሱ ሲለካ ንባቡ ወዲያው ከፍ አለ። ጋሼ መለኪያቸውን «ለሁለት ቀን» ብለው ነው የሰጡኝ፤ እስካሁን እኔ ዘንድ ነው።

ሁለተኛው መፍትሔ ብርሃኑን ማጠናከር። ቀዩን ኤልኢዲ ከሰማያዊው ጋር አፍ ለአፍ አድርጎ በጥቁር ናስትሮ መጠቅለል። የውጭ ብርሃን አይገባም። ሰማያዊው ሲበራ ቀዩ ወደ 0.9 ቮልት አነበበ። ቦታቸውን ብንለዋውጣቸው፣ ማለትም ቀዩ እያበራ ሰማያዊው ቢቀበል፣ ዜሮ።

አሁን ጥያቄዋ መጣች። «ቀዩን እናበዛዋ!» አምስት ቀይ ኤልኢዲ በአንድ ላይ አበራን። ዜሮ። ቀይ ሌዘር ቀጥታ አነጣጠርንበት። ዜሮ፣ ወይም ከመለኪያው ሽርፍራፊ የማይለይ። የሌዘሩ ልጥፍ 5 ሚሊዋት ይላል። እውነት ከሆነ በሰከንድ 1.6 × 10¹⁶ ፎቶን ነው የሚወረውረው። ያ ሁሉ ፎቶን አንድ ሰማያዊ ኤልኢዲ ማንቀሳቀስ አቃተው። አረንጓዴውም ሌዘር አልቻለም፤ 2.33 ኤሌክትሮን ቮልት ነው፣ ለሰማያዊው ደግሞ 2.64 ያስፈልጋል። ደካማ ሰማያዊ ብርሃን ግን ቀዩን አስነሳ።

ለተማሪዎቹ ያልኳቸው እንዲህ ነው። ኤሌክትሮኑ ከቦታው ለመነሳት ኮቴ አለበት። ኮቴውን የሚከፍልለት አንድ ፎቶን ነው፣ ብቻውን፣ በአንዴ። ማዋጣት የለም። የቀለለው ፎቶን ብዛቱ ሺህም ቢሆን ኬላው አይከፈትም።

ከኋላ ወንበር አንዷ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ሁለት ፎቶን እኩል በአንድ ጊዜ ቢመቱትስ?»

ልክ ነች። ይቻላል። ማሪያ ጎፐርት ሜየር እ.ኤ.አ. በ1931 ይህንኑ በሒሳብ አሳይታለች። በሙከራ የታየው ግን ሌዘር ከተፈጠረ በኋላ፣ በ1961 ነው። በጣም የተጠናከረ ብርሃን ይፈልጋል፤ በእኛ የመቶ ሃምሳ ብር ሌዘር አይታይም። «ማዋጣት የለም» የምትለዋ ዓረፍተ ነገር ክዳኑ ላይ «በተለመደ ብርሃን» የሚል ተጨምሮባት ትጻፋለች። ሌላም መጨመር ያለበት አለ። ፎቶን ኤሌክትሮንን ባገኘ ቁጥር አይዋጥም። ኤክስሬይ ሲሆን ጉልበቱን በከፊል ሰጥቶ፣ አቅጣጫ ቀይሮ፣ ሞገዱ ረዝሞ ሊሄድ ይችላል። ኮምፕተን እ.ኤ.አ. በ1923 ያሳተመው ይህንን ነው።

ማሳሰቢያ፦ ሌዘሩ ሣጥኑ ላይ ተቸንክሮ ይቀመጣል፤ ተማሪ በእጁ አይዘውም። የዓይን ነገር ቀልድ የለውም።

ጥቅምት፦ ቴሌቪዥኑና ማግኔቱ

ባለ 14 ኢንች ጥቁርና ነጭ ቴሌቪዥን፣ ከጠጋኙ ቤት ጥግ። ጣቢያ አይዝም፤ ስክሪኑ ግን ይበራል። የሚያስፈልገውም ያ ብቻ ነው። ባለ ቀለሙን አትውሰዱ፤ ከስክሪኑ ጀርባ ያለው የብረት ወንፊት በማግኔት ከተበከለ ቀለሙ ይበላሻል።

ከተቃጠለ ስፒከር የወጣ ማግኔት ስክሪኑ አጠገብ ሲቀርብ ምስሉ ይጣመማል። ማግኔቱ ሲገለበጥ በተቃራኒው ይጣመማል። በቱቦው ውስጥ ወደ 10,000 ቮልት ገደማ ኤሌክትሮኖቹን ይወረውራል፤ ፍጥነታቸው ከብርሃን ፍጥነት አንድ አምስተኛ አካባቢ ይደርሳል። እንደዚያም ሆነው ማግኔቱ ያጎብጣቸዋል፣ ቻርጅ አላቸዋ። ቀጥሎ የሌዘሩ ጮራ በዚያው ማግኔት አጠገብ ያልፋል። ግድግዳው ላይ ያለችው ነጥብ ንቅንቅ አትልም።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ። ብርሃንና ማግኔት ጭራሽ አይተዋወቁም ብለን እንዳናስተምር። ፋራዴይ እ.ኤ.አ. በ1845 በመስታወት ውስጥ የሚያልፍ ብርሃን የሚወዛወዝበትን ገጽታ በማግኔት አዙሮታል። መንገዱን ግን አላጠፈውም።

ቴሌቪዥኑን ከኋላ በካቻቢቴ መክፈት ክልክል ነው። ከሶኬት ተነቅሎም ቱቦው ውስጥ ገዳይ ቮልቴጅ ይቆያል። ሁለቱን ብሎኖች በማጣበቂያ ደፈንኳቸው።

ኅዳር፦ ወደ ኤሌክትሮስኮፑ መመለስ

አየሩ ደረቀ። ቅጠሎቹ ተከፍተው ይቆያሉ፤ ሻይ ጠጥቼ ስመለስ እንኳ እንደተከፈቱ ናቸው። ሰሙ ሠርቷል።

ብርሃኑ ኤሌክትሮን የሚያስወጣበት ዚንክ ያስፈልጋል። ቆርቆሮ በዚንክ የተለበጠ ነው፤ ግን ሽፋኑ ስስ ስለሆነ ሲፈገፈግ ያልቃል። የተሻለው ያለቀ ትልቁ የሬዲዮ ድንጋይ ነው። የውጭ ወረቀቱና ቆርቆሮው ሲላጥ ውስጡ ያለው ቆብ ዚንክ ነው። በፒንሳ ቀድዶ፣ ጥቁሩን ዱቄት አውጥቶ፣ በደንብ አጥቦ፣ ደልድሎ ሽቦው አናት ላይ ማሰር። ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት እስኪያበራ መፈግፈግ። ፍግፈጋው ከእያንዳንዱ ሙከራ በፊት መደገም አለበት። ዚንክ አየር ላይ ቶሎ ይደበዝዛል፤ የደበዘዘ ዚንክ ደግሞ አይሠራም።

ዚንኩ ኔጌቲቭ ቻርጅ ተሰጠው። ቅጠሎቹ ተከፈቱ። የብርሃን ተራ፦

ፓውዛ፣ 100 ዋት፣ አፍንጫው ሥር። ምንም።

የቀትር ፀሐይ። ከተለመደው ሾልኮ መውጣት የሚለይ ነገር አላየንም። ዚንክ 4.3 ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ ይፈልጋል፤ ያ ማለት ከ290 ናኖሜትር አካባቢ ያጠረ ሞገድ። እሱን ኦዞኑ ከላይ ይውጠዋል። እዚህ ተራራ ላይ ብንሆንም የሚደርሰን እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

ከባሕር ዳር ያስመጣሁት «ዩቪ» አምፖል። ሐምራዊ በራ፤ ቅጠሎቹ ግን ከቦታቸው አልተነቃነቁም። ማሸጊያው ሲታይ 365 ናኖሜትር ነው፣ ሐሰተኛ ብር መፈተሻ። 3.4 ኤሌክትሮን ቮልት። አይደርስም። 350 ብር ወጥቶበታል፤ ግን አልጣልኩትም። ዩቪም ሆኖ የማይበቃ ዩቪ መኖሩን የሚያሳይ ጥሩ ዕቃ ነው።

ሁለተኛው የውኃ ማከሚያ መለዋወጫ የሆነው ቱቦ ነው፣ 254 ናኖሜትር። 4.88 ኤሌክትሮን ቮልት። መንገዱ እስኪከፈት ጠብቀን በአውቶቡስ ረዳት እጅ መጣ። ይህ ብርሃን ዓይንና ቆዳ ያቃጥላል። ስለዚህ ከሁሉም ጎን በካርቶን ተሸፈነ፤ ወደ ዚንኩ የሚያይ አንድ ቀዳዳ ብቻ። የማበሪያው ሽቦ ረጅም ነው፤ ከፊቱ ማንም አይቆምም።

በራ። ቅጠሎቹ በሰከንዶች ውስጥ ወረዱ።

ክፍሉ ጮኸ። እኔም ጮኽኩ መሰለኝ።

ቀጥሎ መካከሉ ላይ የመስኮት መስታወት ገባ። አልወረዱም። በመስታወቱ ውስጥ ሁሉም ነገር ጥርት ብሎ ይታያል፤ ለ254 ናኖሜትር ግን ግድግዳ ነው። ዚንኩ ብልቃጡ ውስጥ ሳይሆን ከላይ መሆን ያለበትም ለዚህ ነው። የመብራቱ ቱቦ ራሱ ከኳርትዝ ወይም ይህን ዩቪ ከሚያሳልፍ ልዩ መስታወት ካልሆነ ብርሃኑ አይወጣም።

ከዚያ ፖዘቲቭ ቻርጅ። የተፈተገውን ቱቦ አስጠግቶ፣ ዚንኩን በጣት ነክቶ፣ መጀመሪያ ጣትን ከዚያ ቱቦውን ማራቅ። ቅጠሎቹ ተከፈቱ። መብራቱ በራ። ቅጠሎቹ አልወረዱም። ፎቶኑ ከዚንኩ የሚያስወጣው ኔጌቲቩን ነው፤ ፖዘቲቭ የሆነ ዚንክ ደግሞ የወጣውን ኤሌክትሮን መልሶ ይስበዋል። ሄርዝ እ.ኤ.አ. በ1887 የዩቪን ውጤት ሳያስበው አገኘ፤ ሃልቫክስ በ1888 በዚንክ ሠሌዳ ያየው ይህንኑ ነው። የኤሌክትሮን መኖር እንኳ ገና አልታወቀም ነበር፤ ቶምሰን እስከ 1897 አልደረሰም። ሌናርድ በ1902 ብርሃኑን ሲያበዛ የሚወጡት ኤሌክትሮኖች እንደሚበዙ፣ የእያንዳንዳቸው ጉልበት ግን እንደማይጨምር አሳየ። አንስታይን ምክንያቱን በ1905 ተናገረ።

እኛም ቀዳዳውን በካርቶን ግማሽ ዘጋነው። ቅጠሎቹ ቀስ ብለው ወረዱ፤ ግን ወረዱ። የፓውዛው ሙሉ ብርሃን ያላንቀሳቀሰውን የዚህ መብራት ግማሽ አወረደው። ሦስተኛውን ዙር ስንጀምር መብራት ጠፋ። በባትሪ ወደሚሠሩት ኤልኢዲዎች ዞርን።

ታኅሣሥ፦ ሒሳብና የቀረ ሥራ

ኤልኢዲዎች 200 ብር። ባትሪ 150። ቮልዩምና ሪዚስተሮች 120። ሁለት ሌዘር 600። ሁለቱ የዩቪ መብራቶች 1,450። የአናጺው ሣጥን 600። ድምር 3,120። በ120 ብር አልፏል። ቴሌቪዥኑ፣ ማግኔቱ፣ ሲዲው፣ ሰሙና የሬዲዮ ድንጋዩ በነፃ።

ደግሜ ብሠራው ቀዩን ሌዘር እተወዋለሁ፤ አምስቱ ቀይ ኤልኢዲ ያንኑ ያሳያል። የ254ቱን መብራት ግን አልተውም።

ቮልዩሙ መንሸራተት ጀምሯል፣ ይቀየር። የዚንክ ቁራጭ ተጨማሪ ሦስት አራት ይዘጋጅ፤ ብርጭቆ ወረቀቱ እያሳሳው ነው። የ405 ናኖሜትር ቫዮሌት ኤልኢዲ ታዟል፤ ከመጣ ግራፉ ላይ 740 ቴራኸርዝ ላይ ስድስተኛ ነጥብ ይገባል።